“ቤቱን ሸጠን እንገላገል!” … ግን ከምን?

ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል ተብሎ ድምፅ ዝቅ ተደርጓል። “እኔ ምልሽ… ይቺን ቤት ብንሸጣትስ?” ይላል ባል። ሚስት ዝም! “የቤት ኪራይ የማይከፍል ሰው ምን ቆርጦት ነው ቤቱን የሚሸጠው?” ትሉ ይሆናል። ኑሮ ነዋ! የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የባንክ ዕዳ፣ የእናት ሕክምና፣ የከሰረ ንግድ… ይህ ሁሉ ተደራርቦ ሲመጣ ሰው ዙሪያውን ይቃኝና ደህና ዋጋ የሚያወጣለት ነገር አንድ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። እሱም የተጠለለበት ጣሪያ ነው።

እንዲህ ያለው ወሬ በዚህ ከተማ በስንት ቤት እንደሚወራ ቤት ይቁጠረው። ጎረቤት አይሰማውም፤ ዕድር ላይ አይነሳም። ደላላው ገዢ ይዞ በር ሲያንኳኳ ነው ሰፈር ጉድ የሚለው። በዚያን ሰዓት ደግሞ ምክር የሚሰማ ጆሮ የለም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ “ሽጡ” ወይም “አትሽጡ” ልላችሁ አይደለም ብዕሬን ያነሳሁት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ! ነገር ግን ይህን መንገድ የሄዱበትን፣ ከመሃል የተመለሱትንና ጨርሶ ያልጀመሩትን ሰዎች አነጋግሬ ያገኘሁት ቁም ነገር አለ። ቀለም ነክቶ ወረቀት ላይ ከማረፉ በፊት ለራሳችሁ ልትመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው።

ቤት ለኛ ሰው ምንድነው?

ወጣቶች ብዙ ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር የማይግባቡት እዚህ ላይ ነው። ልጅ “ቤት ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ ይሸጣል” ይላል። አባት “ቤት አይሸጥም” ብሎ ይዘጋል። የአባት አነጋገር ግትርነት ብቻ አይምሰላችሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተረፈለት አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነበር። የተቀረው፣ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ያንን ዘመን ያየ አባት አንዷን ቤት እንደ ነፍሱ ቢይዛት ምን ይገርማል?

ደግሞም ቤት ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት የተከፈለበት ዕድር አለ። የእናት ቡና ጠጪዎች አሉ። ብድር ጤፍ የሚሰጥ ባለ ሱቅ፣ ሌሊት ታማችሁ ብትጮሁ በጓሮ ዘሎ የሚመጣ ጎረቤት አለ። እነዚህ በውሉ ላይ አይጻፉም እንጂ አብረው ነው የሚሸጡት።

ከቤት ወደ ብር

ጀሞ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የነበራቸው ባልና ሚስት ያጫወቱኝን ላካፍላችሁ። ባል ሥራ ቀየርኩ ሲል ሥራ አጣ። ዕዳ መጣ፤ 250 ሺህ ብር ሞላ። በ2011 ዓ.ም. ቤታቸውን በ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ሸጡ። ዕዳቸውን በአንድ ቀን ከፈሉ። “የዚያን ዕለት የተኛሁት እንቅልፍ!” ይላል ባል እየሳቀ።

ከዚያስ? የተረፈው ብር ብዙ መሰላቸው። ለታክሲ ሥራ የምትሆን ያገለገለች መኪና ገዙ፤ ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ውላ ታድራለች። ዘመድ ብድር ጠየቀ፤ ብር እንዳላቸው ያወቀውን ዘመድ “የለንም” ማለት አልቻሉም። ኪራይ በየዓመቱ ጨመረ። “ብሩ አልጠፋብንም እኮ፣ ተበላ እንጂ” ትላለች ሚስት። “ዛሬ ያንን ቤት መልሰን እንግዛ ብንል የሸጥንበት ዋጋ ለሳሎኑም አይበቃ።”

ልብ በሉ! የነበረባቸው ዕዳ የቤቱ ዋጋ አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። አንድ የተበሳ ቆርቆሮ ለመጠገን ጣሪያውን በሙሉ ማውረድ ማለት ይህ ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ቤታችሁን በ5 ሚሊዮን ብር ሸጣችሁ እንበል። ዕዳችሁ 800 ሺህ ብር ነው። ለደላላ 2 በመቶ፣ ማለትም 100 ሺህ ብር ሰጣችሁ። በእጃችሁ 4 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ቀረ። የምትገቡበት ቤት ኪራይ በወር 25 ሺህ ብር ቢሆን በዓመት 300 ሺህ ብር ነው። ብሩን ባንክ አስቀምጣችሁ 7 በመቶ ወለድ ብታገኙ በዓመት 287 ሺህ ብር ነው። ወለዱ ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም! ዋናው ብር ደግሞ ቁጭ ብሎ ይመነምናል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ ቤት የያዘና ብር የያዘ ሰው አንድ ዓይነት ሌሊት አላሳለፉም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ መሸጥ ግድ ከሆነ እንኳ ከቤት ወደ ቤት ሂዱ እንጂ ከቤት ወደ ብር አትሂዱ። ትልቁን ሽጦ ዕዳ ከፍሎ ትንሽ መግዛት አንድ ነገር ነው። ትልቁን ሽጦ ብር ታቅፎ ተከራይ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀዳዳው የት ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ የችግሩ ዓይነት ነው። ችግራችሁ አንድ ጊዜ የወረደ ዱብ ዕዳ ነው ወይስ በየወሩ የሚፈስ ቀዳዳ? ሕመም፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የከሰረ ዕቃ… እነዚህ አንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ከተከፈሉ ያበቃሉ። ነገር ግን የወር ገቢያችሁ 20 ሺህ ሆኖ የወር ወጪያችሁ 28 ሺህ ከሆነ ቤት መሸጥ መድኃኒት አይሆናችሁም። የጎደለውን 8 ሺህ ብር ከቤታችሁ ግድግዳ እየቆረሳችሁ ትበላላችሁ፤ በዚያ ላይ ያልነበረ የኪራይ ወጪ ትጨምራላችሁ። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ገዢ ሳይሆን እርሳስና ወረቀት ነው። ባልና ሚስት ቁጭ ብለው፣ ሳይነታረኩ፣ የሦስት ወር ወጪያቸውን ይጻፉ። ለሰርግና ለተስካር፣ ለስልክ ካርድ፣ ለቅዳሜ ማታ የወጣው ሳይቀር!

ከቤቱ በፊት ምን ይሸጣል? ምን ይከራያል?

ቤት መጨረሻ የሚሸጥ ነገር ነው። ከሱ በፊት ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ፣ መኪናና ወርቅ። “መኪናዬን ከምሸጥ ቤቴን” የሚል ሰው አጋጥሞኛል! መኪና ዘመድ ያየዋል፣ ቤት ግን ባለቤቱን ያሳድረዋል። የቱ ይበልጣል?

ሁለተኛ፣ ማከራየት። ሰርቪስ ቤት ካላችሁ ይከራይ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሙሉውን አከራይታችሁ እናንተ አነስ ወዳለ ቤት ወይም ለጊዜው ቤተሰብ ዘንድ መግባት ይቻላል። ኩራት ይጎዳ ይሆናል፤ ካርታው ግን በስማችሁ ይቆያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። እና “የዓመት ቅድሚያ ተቀብዬ ዕዳዬን እከፍላለሁ” የሚለው የድሮ ስሌት አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ወለድ አገድ። አያቶቻችን የሚያውቁት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቦታ የሰጠው ነገር ነው። አበዳሪው ብር ይሰጣችኋል፤ ወለድ በመቀበል ፈንታ ቤቱን ይጠቀምበታል፤ ብሩን ስትመልሱ ቤቱን ይመልሳል። መልካም ነው፤ ግን ውሉ ላይ መመለሻው ቀን፣ የብሩ ልክና ቤቱ የሚመለስበት ሁኔታ ቁልጭ ብሎ ይጻፍ።

አራተኛ፣ አበዳሪን ማነጋገር። የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው የባንኩን ደጅ ይሸሻል። እንዴ! ቀኑ ሳያልፍ ገብታችሁ “የወሩ ክፍያ ቀንሶ ዘመኑ ይራዘምልኝ” ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም፤ የሸሸ ሰው ግን በፍጹም አይሳካለትም።

ከአንድ ነገር ግን እግዜር ይሰውራችሁ፤ ከአራጣ። በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት 120 በመቶ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሰዎች መካከል ለሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል ያደርገዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ “ለወጉ ያህል ነው፣ ፈርም” ብለው በብድር ውል ፈንታ የቤት ሽያጭ ውል የሚያስፈርሙ መኖራቸው ነው። ተበደርኩ ያለው ሰው ሸጦ ይገኛል!

“ላኪኝ እንጂ እማዬ!”

ኮልፌ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ባላቸው ከሞቱ በኋላ በሁለት ሰርቪስ ቤት ኪራይ ነው የሚተዳደሩት። የ24 ዓመት ልጃቸው ሥራ ከመፈለግ ብዛት ጫማው አለቀ። አንድ ቀን መጥቶ “ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ፤ ቤቱን ሽጠሽ ላኪኝ። በሁለት ዓመት የተሻለ ቤት እገዛልሻለሁ” አላቸው። እናት አይደሉ? እሺ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ታላቅ እህቱ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። “አንተ ሄደህ ባይቀናህ፣ እማዬ የት ትገባለች?” ልጁ መልስ አልነበረውም። ቤቱ አልተሸጠም። ልጁ እህቱን ለስድስት ወር አላነጋገራትም። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ አሁንም መሄድ ይፈልጋል፤ አሁንም ትንሽ እንዳኮረፈ ነው። እናቱ ግን በራሳቸው በር ይገባሉ፣ በራሳቸው በር ይወጣሉ።

አንባቢዬ፣ ወጣት ከሆንክ ይህ ላንተ ነው። የእናትህን ቤት አሽጠህ የምትሄድ ከሆነ ዕጣ ላይ የምታስቀምጠው የራስህን ዕድል ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ለደላላ ከተሰጠ በኋላ መንገድ ላይ ቢቀር ወይም ቪዛው ባይመታ፣ ያንተ ዕድሜ ገና ነው፤ እንደገና ትጀምራለህ። በስልሳ ዓመት እንደገና መጀመር ግን ከባድ ነው። “ላኪኝ” ከማለትህ በፊት የእህትየውን ጥያቄ ለራስህ መልስ።

ቤቱ የማን ነው?

“የኔ ነዋ!” አትበሉ፤ ቆይ። ያገባችሁ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከሽያጩ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስፈረስ ይችላል። ሚስትን ደብቆ ቤት መሸጥ ብልጠት የሚመስለው ካለ፣ ትዳሩንም ገዢውንም በአንድ ቀን ነው የሚያጣው።

የውርስ ቤት ከሆነስ? የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት፤ የወራሾች ሁሉ ስምምነትም ያስፈልጋል። ጉለሌ አካባቢ አራት ወንድምና እህቶች የአባታቸውን ቤት ወርሰው ሦስቱ “አይሸጥም”፣ አንዱ “ቸግሮኛል፣ ይሸጥ” ብለው ሊካሰሱ ደርሰው ነበር። አንድ ሽማግሌ መሃል ገቡ፤ “የቸገረው ወንድማችሁ ነው እንጂ ጠላታችሁ አይደለም። ለምን ድርሻውን እናንተው አትገዙትም?” አሏቸው። ሦስቱ ዕቁብ ጣሉ፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ለሱ ሰጡት፤ የቀረውን በየወሩ ከፈሉ። ሕጉም ቢሆን ከጋራ ባለቤቶች አንዱ ድርሻውን ሲሸጥ ሌሎቹ ከውጭ ሰው በፊት እንዲገዙ ቅድሚያ ይሰጣል። ዛሬ አራቱም በበዓል የሚሰበሰቡት እዚያው ቤት ነው።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ማስተላለፍ እንዳይችል ገደብ ተጥሎበታል። “በውክልና እንሽጠው፣ ስሙ በኋላ ይዛወራል” የሚሉ አሉ። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ሰጪው ሊሽረው ይችላል፤ ሰጪው ቢሞት ደግሞ ወራሾች ይመጣሉ። በዚህ የተነሳ ሻጭም ገዢም ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የከረሙ ብዙ ናቸው።

መሸጥ ያለበት ሰውም አለ

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንስማ። መርካቶ የሚነግዱ አንድ ሰው ቤታቸውን ለባንክ አስይዘው ተበደሩ፤ ዕቃቸው ከሰረ። “ዛሬ ይሻላል፣ ነገ ይሻላል” እያሉ ሳለ ወለዱ ዋናውን ሊያክል ደረሰ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ከተበዳሪው ጋር ስምምነት ካለው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ሠላሳ ቀን ማለት አንድ ዕቁብ እንኳ የማይወጣበት ጊዜ ነው!

እኚህ ሰው ማስጠንቀቂያው ሳይደርሳቸው ቀደሙ። ባንኩን አስፈቅደው ራሳቸው ገዢ ፈለጉ፤ ገዢው ዕዳውን በሲፒኦ ለባንኩ ከፈለ፤ እገዳው ተነሳ። በተረፈው ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል ቤት ገዙ። “ሰው ከሰረ አለኝ። ይበል። እኔ ግን ቤቴን የሸጥኩት እኔው ነኝ፤ በሐራጅ ደወል አልተሸጠም” አሉኝ። ጎመን በጤና ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ዕዳው ከምትከፍሉት በላይ በየወሩ እያደገ ከሆነ፣ ነፍስ የሚያድን ሕክምና ከሆነና ሌላ መንገድ ሁሉ ከተዘጋ፣ ወይም ቤቱ ለእናንተ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ሆኖ ትንሽ መግዛት የሚያስችል ትርፍ ካለው፣ መሸጥ ሽንፈት አይደለም። ቤት የሰው አገልጋይ ነው እንጂ ሰው የቤት አገልጋይ አይደለም። የታመመች እናት እያለች “ቤት አይሸጥም” የሚል ልጅ ምን ይባላል?

እሸጣለሁ ካላችሁ…

እንግዲህ አስባችሁ፣ ተመካክራችሁ ወሰናችሁ እንበል። እነዚህን ያዙ፦

1ኛ. መቸገራችሁን ለደላላ አትንገሩ። የቸኮለ ሻጭ ዋጋውን ራሱ ነው የሚያወርደው። ቢያንስ ሦስት ደላላ ዋጋ ጠይቁ፤ በሰፈሩ ሰሞኑን የተሸጠ ቤት ስንት እንዳወጣ ከገዛው ሰው አፍ ስሙ።

2ኛ. ወረቀታችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ካርታ፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ። የሚከፈለውን ግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማን እንደሚከፍለውም ውሉ ላይ ይጻፍ።

3ኛ. መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አይሸጥም፤ የምትሸጡት ቤቱን ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ገዢው መሬቱን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። ገዢው ይህን አስቦ ዋጋ ይቀንሳል፤ እናንተም ሌላ ቤት ስትገዙ ይህ ነገር ይመጣባችኋል። ስለዚህ ሁለቱንም በሒሳባችሁ አስገቡት።

4ኛ. ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ሌሊት እደሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ገዢ ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ይለቃል። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ቢቀይር ግን እጥፍ ይመልሳል! 200 ሺህ ተቀብላችሁ ብትጸጸቱ 400 ሺህ ትከፍላላችሁ። በችግር ላይ ችግር!

5ኛ. ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ይመዝገብ። የሰፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለዕርቅ እንጂ ለቤት ሽያጭ አይበቃም።

6ኛ. የምትገቡበትን ቤት ሳታገኙ የምትወጡበትን ቤት አትልቀቁ። ብሩ በገባ በማግስቱም “ማን ስንት ይፈልጋል?” ተብሎ አይከፋፈል። በመጀመሪያ ዕዳ፣ ቀጥሎ ጣሪያ፣ ከዚያ በኋላ ሌላው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ጤፍ ፈሶ ይለቀማል፤ የተሸጠ ቤት ግን አይለቀምም። እንግዲህ ዛሬ ማታ ወሬው በቤታችሁ ከተነሳ፣ “እንሽጥ ወይስ አንሽጥ?” ብላችሁ አትጀምሩ። “ዕዳችን በትክክል ስንት ነው? ከሸጥን በኋላ በመጀመሪያው ወር የት እናድራለን?” ብላችሁ ጀምሩ። ለሁለቱ ጥያቄዎች መልሱን በቁጥርና በአድራሻ መጻፍ የቻለ ሰው ይወስን። ያልቻለ ሰው ግን ደላላውን “ገና ነው” ይበለው።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ!